የሕማማት እንግዳ

በሁለት ሺህ አሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ሆሳዕና ሊብት ጥቂት ሲቀረው፣ ጣና ገና ከንጋት ጭጋጉ ሳይላቀቅ፣ የደልጊው ካህን መምሬ ወልደ ዮሐንስ መስቀላቸውን በነጠላ ጠቅልለው፤ በሶና ቆሎ ቋጥረው፤ ካርቱም ወደሚባለው የባዕድ ከተማ ጉዞ ጀመሩ።

ያስነሣቸው ጉዳይ አንዲት ልጃቸው ነበረች። የሺአረግ ለሥራ ወደ ሱዳን ልትሄድ በተነሣች ጊዜ አባቷ በቁጣ «ድንበር ከተሻገርሽ በመስቀሌ ገዝቼሻለሁ!» ብለዋት ነበር፤ እሷም ተሻገረች፤ ግዝቱም እንዳሰራት ቀረ። በሰው አገር ትጾማለች፣ ታስቀድሳለች፤ ለቁርባን ግን አትቀርብም። በዚያ ዓመት በስልክ «ፋሲካን በር ላይ ቆሜ ማሳለፍ መረረኝ፤ ይፍቱኝ አባቴ» ብላ አለቀሰች። ወይ የአባት አንጀት! የስንት ዓመት ቂም በአንድ ጊዜ ሟሟ። «በአፌ ያሰርሁትን በስልክ አልፈታም፤ ዐይንሽን አይቼ፣ መስቀሉን አስሜ ነው የምፈታሽ» አሉና ተነሡ።

ከሆሳዕና በፊት እደርሳለሁ ብለው ነበር፤ ሰው ያስባል፣ እግዜር ይፈጽማል። መተማ ላይ መንገድ ተዘግቶ ቆዩ፤ ሆሳዕናንም እዚያው ከካህናቱ ጋር ቀድሰው ረቡዕ አመሻሽ ላይ ካርቱም ገቡ። ማደሪያ አልያዙም፤ ማደሪያ አስቀድሞ ይያዛል ብሎ የነገራቸውም የለም። ቆሎ ተማሪ ሆኖ ያደገ ሰውስ ስለ ማደሪያ መቼ ተጨንቆ ያውቃል! ካንድ ትልቅ የብረት በር ፊት ቆመው፣ እንደ አገራቸው ልማድ፣ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ!» ብለው ተጣሩ። የመለሰላቸው ውሻ ብቻ ነበር። የልጃቸው ስልክ ዝግ ሆነባቸው፤ «አባይ ዳር ነኝ» ማለቷ ትዝ ይላቸዋል፤ በዚያ አገር ግን የአባይ ዳር ሁሉ ከተማ ነው። «ምነው እመቤቴ፣ በዚህ ሁሉ ሰው መካከል ወዴት ልግባ!» አሉና እንባቸው መጣ።

ወሩ ረመዳን ነበርና፣ ለማፍጠር መንገድ ዳር ምንጣፍ ያነጠፉ ሱዳኖች እጃቸውን ይዘው አስቀመጧቸው። ሥጋውን በምልክት መለሱ፤ ቴምሩንና ውሃውን ግን እየመረቁ ተቀበሉ። ከማዕዱ አንዱ ሰው መስቀላቸውን አይቶ፣ ሐበሻ ወደሚበዛበት ወደ ደይም ሰፈር አደረሳቸው፤ እዚያም ምግብ ቤት የነበራት የጎርጎራዋ ፀሐይወርቅ እግራቸውን አጥባ አሳደረቻቸው። የሺአረግንም ታውቃት ኖሮ መልእክት ላከችባት።

ሐሙስ ጧት የሺአረግ ደረሰች። ከበሩ ጀምራ «አባቴ! አባቴ!» እያለች ሮጣ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል፣ መምሬ ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ።

«ቆይ ልጄ። ሕማማት ነው፤ መሳሳም የለም።»

«መስቀሉንስ?»

«መስቀልም አይሳለሙም፤ ይፍታም አይባልም። እኔ ካህን ነኝ፤ ሥርዓት አላፈርስም። ለፋሲካ እፈታሻለሁ፤ ያን ጊዜ እስክትጠግቢ ትስሚኛለሽ።»

የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች።

«ይሁን እንግዲህ፤ ይህን ያህል ዓመት ጠብቄ የለ?» ብላ ፈገግ አለች። «እርስዎ ግን ምነው እንዲህ ከሱ?»

«አንቺም ጠቁረሻል» አሏት። ልባቸው እቀፋት፣ እቀፋት ይላቸው ነበር። ቅዳሜ ጧት ከአሠሪዎቿ ቤት ፈቃድ ጠይቃ ልትመጣ፤ የትንሣኤንም ቅዳሴ አብረው ሊያስቀድሱ ተቃጥረው ተለያዩ።

ሚያዝያ ሰባት፣ ቀዳም ሥዑር ሆነ። ካህናት «ሰላም ሆነ» እያሉ ለምእመናን ቄጠማ የሚያድሉበት ጧት ነው። መምሬም ቄጠማቸውን በራሳቸው ላይ እንዳሰሩ ምድር ተናወጠች፤ አንድ መንግሥት ያበላቸው ሁለት ጦሮች እርስ በርሳቸው መታኮስ ጀመሩ፤ ሰማዩ በአውሮፕላን፣ ጎዳናው በጭስ ተሞላ።

«ልጄ መንገድ ላይ ናት!» ብለው ሊወጡ ሲሉ ፀሐይወርቅ በሩን በገላዋ ዘጋችባቸው።

«ወዴት ነው መምሬ? አገሩን አያውቁት!»

«ልቀቂኝ አንቺ ሴት! እንዴት ሳልስማት!»

ፋሲካ በተኩስ መካከል ነጋ። ከየሺአረግ ጋር የምትሠራ አንዲት ልጅ እየተሹለከለከች ደርሳ መርዶውን አመጣች። አሠሪዎቿ «አትውጪ» ብለው ለምነዋት ነበር፤ እሷ ግን ነጭ ቀሚሷን ለብሳ «አባቴ ይጠብቁኛል» ብላ ወጣች፤ ከበሩ ሳትርቅ ጥይት አገኛት። የት እንደተቀበረች እንኳ በውል የሚያውቅ አልተገኘም።

መምሬ ከስደተኛው ጋር በመተማ በኩል ተመለሱ። ባሕር ዳር ላይ የቀድሞ ባልንጀራቸው አለቃ ገብረ ሕይወት ተቀብለው ሊያጽናኗቸው ሞከሩ።

«በሰሙነ ሕማማት ለሚሞቱ ሁሉ ፍትሐቱ በሆሳዕና አስቀድሞ ይደረጋል፤ ይህን ያውቃሉ። መተማ ላይ እርስዎ ራስዎ የደገሙት ጸሎት ለልጅዎም ነበር። ደርሷታል።»

መምሬ መስቀላቸውን በነጠላቸው መልሰው ጠቀለሉ።

«ጸሎቱስ ደርሷታል» አሉ። «እኔ ነኝ ያልደረስሁላት።»

ታሪክ ያን ቅዳሜ አልረሳውም፤ የማን ጦር ቀድሞ እንደተኮሰ፣ የትኛው ድልድይ በማን እጅ እንደገባ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። አባቷን ልትስም ነጭ ለብሳ ስለወጣችው ልጅ ግን የጻፈ የለም። መምሬ ወልደ ዮሐንስም እንዲጻፍላቸው አልጠየቁም፤ ሆሳዕና በደረሰ ቁጥር ብቻ በደልጊ ከቤት ቤት እየዞሩ፣ ከልጁ የተጣላ ሰው ባገኙ ጊዜ «ዛሬ ሳማት፤ ነገ አይቻልም» ይላሉ።