ዓይኑ ውስጥ የቆመው ሰው

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ግን አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም። የሆነው ትሪያቭና ከተማ፣ እዚሁ ወጥ ቤቴ ውስጥ ነው። ወሩ ህዳር፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ።

ጨለማ አልነበረም። ፀሐይ ነበረች።

ባለቤቴ ዝላትኮ ፎቶ አንሺ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ኖረናል። ከሞተ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ቀርተው ነበር፤ እኔም እንደ አገራችን ልማድ የሙት ዓመቱን ማስታወቂያ በራችን ላይ መለጠፍ ነበረብኝ። ስሙ፣ የሐዘንተኞቹ ስም፣ ከላይ ደግሞ ፎቶው።

ችግሩ ፎቶው ነበር።

ዝላትኮ የከተማውን ሰው ሁሉ ሲያነሳ ኖሮ፣ የራሱ ፎቶ የለውም። ካሜራ ሲያዞሩበት ፊቱን በመዳፉ ይጋርዳል። በሠርጋችን ፎቶ እንኳ አጠገቤ የቆመው አንድ መዳፍ ነው። ለአርባውም ለመንፈቁም የመታወቂያውን ፎቶ ለጠፍኩ። በዚያ ፎቶ ግን ማንንም አያይም።

አሁን አንድ ፊት ፈለግሁ። የሚያይ ፊት።

ማክሰኞ ዕለት ነቬና መጣች። ከእሱ ጋር ሃያ ዓመት የሠራች፣ ከሞተም በኋላ ፎቶ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። እንደ እህት ነበርን። አበቦቼን እንድታጠጣልኝ የቤቴን ቁልፍ የሰጠኋት እኔው ራሴ ነኝ።

«አገኘሁልሽ፣ ራይኒ» አለች ፖስታ እየሰጠችኝ። «መሳቢያ ሥር ወድቆ።»

አወጣሁት።

ዝላትኮ ወጥ ቤታችን ውስጥ ተቀምጧል። እጆቹ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ፊቱ ተገልጧል... ፈገግ ብሏል።

ያን ፈገግታ አይቼው አላውቅም።

«ማን አነሳው?»

«ራሱ ነዋ። ካሜራውን አቁሞ።»

«ዝላትኮ? ራሱን?»

«ኧረ አንቺ ሴት! ፎቶ አጣሁ ብለሽ ታለቅሻለሽ፣ ሲመጣልሽ ደግሞ ትመረምሪያለሽ። ለልፋቴ አንድ ማንኪያ የበለስ ማርማላታ እንኳ የለም?»

ማርማላታውን ሰጠኋት። በልታ ሄደች።

ዝላትኮ ለጀማሪዎች የሚያስተምርበት ደብተር ነበረው። ለሐዘኔ መጽናኛ የማነበው እሱን ነው። እንዲህ ይላል፦ ሕፃን ስታነሱ ተንበርከኩ፤ ከላይ የታየ ልጅ ፊት የለውም። ምግብ ስታነሱ አምፖሉን አጥፉና ሳህኑን ወደ መስኮት አስጠጉት። በረዶ ከሆነ ካሜራው ከሚላችሁ በላይ ብርሃን ስጡት፣ አለዚያ አመድ ይመስላል። ተራራ ስታነሱ ከፊት ቅርብ የሆነ ነገር አስገቡ፣ አሮጌ አጥርም ቢሆን። ጥላን ማንበብ ልመዱ፤ ሰዓቱንም ወሩንም ይነግራችኋል።

የሰው ፊት ሲሆን ዓይኑ ይጥራ፣ ሌላው ቢደበዝዝ ግድ የለም። ዓይን ውስጥ ሁለት ነገር ታገኛላችሁ... መስኮቱንና ያነሳውን ሰው።

ደብተሩን ዘጋሁ። ማጉያ መነጽሩን አመጣሁ።

ቀኝ ዓይኑ ውስጥ መስኮታችን አለ። ትንሽ፣ ግን ጥርት ያለ። ከመስኮቱ ፊት ሴት ቆማለች። ፀጉሯን ወደ ላይ ጠቅልላ እርሳስ ሰክታበታለች።

እርሳስ ፀጉሯ ላይ የምትሰካ አንዲት ሴት ብቻ ናት የማውቀው።

አላለቀስኩም። የማርማላታውን ማንኪያ አጠብኩ። ሁለት ጊዜ አጠብኩት።

ከዚያ ፎቶውን እንደገና አየሁት። አንድ ነገር ልክ አልነበረም...

ከጀርባው ያለው የሳህን መደርደሪያ ላይ ፀሐይ አርፋለች።

ወጥ ቤታችን ፀሐይ አያውቅም ነበር። የጎረቤት ጎተራ ከመስኮቱ ፊት ተገትሮ ዝላትኮ ዕድሜ ልኩን አጉረምርሞበታል። ጎተራው የፈረሰው ባለፈው ሚያዝያ ነው።

ዝላትኮ ከሞተ ከአምስት ወር በኋላ።

ኮቴን ደርቤ ፎቶ ቤቱ ሄድኩ።

«መቼ ነው ያነሳሽው?»

«ነገርኩሽ እኮ፣ ራሱ...»

«ዓይኑ ውስጥ ቆመሻል። ከነእርሳስሽ።»

እጇ ወደ ፀጉሯ ሄደ።

«በሩን ዝጊው» አለች በሹክሹክታ።

ዘጋሁት።

«ያለፈው ቅዳሜ።»

ያለፈው ቅዳሜ የሙታን ቅዳሜ ነበር። ከተማው ሁሉ ስንዴ ቀቅሎ፣ ወይን ይዞ መቃብር ይወጣል። እኔም ንፍሮዬን ይዤ ወጥቼ፣ ወይኑን ሣሩ ላይ አፍስሼ፣ ለድንጋዩ የሳምንቱን ወሬ ነግሬ ነበር የተመለስኩት።

«አንቺ ስትወጪ ነው የሚመጣው» አለች።

«ስንት ጊዜ?»

«ተይ፣ ራይኒ።»

«ስንት ጊዜ?»

«መቃብር በሄድሽ ቁጥር።»

ዓመቱን ሙሉ አንድም ቅዳሜ አልቀረሁም።

«ምን ይልሻል?»

«ምንም። ይቀመጣል... ያየኛል።» ሳልጠይቃት ቁልፌን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እባክሽ አትጠብቂው። ላንቺ ብዬ ነው።»

ቅዳሜ ንፍሮ ቀቀልኩ። ጥቁር ሻሼን አስሬ፣ ቅርጫቴን አንጠልጥዬ በፊት በር ወጣሁ። ጎረቤቴ እማማ ጊና ደጃፏን ትጠርጋለች።

«ንፍሮውን ሁሉ ለሙታን አትጨርሺው» አለችኝ እንደ ልማዷ። «እኛም ብዙ አልቀረንም።»

ጥግ ድረስ ሄድኩ። ዞሬ በአትክልቱ በር፣ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።

መስኮቱ ሥር ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የዝላትኮ ካሜራ ጭኔ ላይ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ መደርደሪያው ላይ ወጣች።

ማንም አልመጣም።

ከዚያ የፊልም ማጠቢያው መድኃኒት ሽታ... ከዝላትኮ ጣቶች የማይለቀው ያ ሽታ።

ፊት ለፊት ያለው ባዶ ወንበር ሲጥ አለ። የጠረጴዛው ልብስ ጠርዝ፣ ክንድ እንዳረፈበት፣ ቀስ ብሎ ተጨማደደ።

ካሜራውን አነሳሁ። ዓይኑ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ላይ አነጣጠርኩ።

«ዝላትኮ» አልኩ። «እኔ ነኝ።»

አንድ ጊዜ ተጫንኩት።

ሽታው ወዲያው ጠፋ።

ደረጃው ሥር ባለው ጨለማ ክፍሉ ፊልሙን አጠብኩ፤ በተጋባን ዓመት ያስተማረኝ እሱ ነው። ከዚያ አተምኩት። ወረቀቱ መድኃኒቱ ውስጥ እየዋኘ መጀመሪያ ሳህኖቹ ወጡ። ቀጥሎ ወንበሩ። ቀጥሎ የተቀበረበት ሸሚዝ።

በመጨረሻ መዳፉ።

ፊቱን በመዳፉ ጋርዷል።

በጣቶቹ መሃል አንድ ዓይን ትታያለች። ጥርት ብላለች። እሱ እንዳስተማረኝ ነው ያነሳሁት።

ማጉያውን አስጠጋሁ።

መስኮቱ አለ። ፀሐይዋ አለች። ከመስኮቱ ሥር ተቀምጬ ያነሳሁበት ወንበርም አለ።

ወንበሩ ላይ ማንም የለም።