የአንቱሳ ገጽ

በትልቁ መዝገበ ቃላታቸው የታወቁት መምህር ኮስማስ ከቤታቸው ደረጃ ሥር አንገታቸው ተሰብሮ ተገኙ። የቁስጥንጥንያው ሹም መርማሪውን ፊላሬቶስን ሲልከው፣ «ሽማግሌ ነው፣ አዳልጦት ነው፤ ቶሎ ተመለስ» ብሎት ነበር። ፊላሬቶስ ግን ቶሎ መመለስ አልፈጠረበትም።

አጎንብሶ ሬሳውን አየ። ዓይኖቻቸው በሞራ ተጋርደዋል። ጣቶቻቸው ንጹሕ ናቸው፤ ቀኝ እጃቸው ግን ብራና መፋቂያ ድንጋይ ጨብጧል።

«መዝገበ ቃላቱን ማን ጻፈው?» ሲል ጠየቀ።

«መምህሬ ናቸዋ! ሠላሳ ዓመት፣ በገዛ እጃቸው» አለ ደቀ መዝሙራቸው ሊዮንዮስ።

«አንተስ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ገበያ። ከዚህ ብራና ሻጭ ጋር ስጨቃጨቅ።»

«አንዲት ቆዳ ለመምረጥ ገበያተኛውን ሁሉ ሰበሰበብኝ እኮ!» አለ ብራና ሻጩ ሲሲኒዮስ።

የሟች እኅት አንቱሳ ማድ ቤት ሊጥ ታቦካለች።

«ወንድምዎ ሞተው ሊጥ፣ እሜቴ?»

«ቀባሪው ጦሙን ይደር? ጠዋት ሙሉ እዚሁ ነበርኩ።»

ሊጡ ውስጥ ጥቁር ነገር እንደ ክር ተስቦ አየ። ፎቅ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የመዝገበ ቃላቱን ገጽ ሲነካው ጣቱ ጠቆረ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ፊላሬቶስ ግን እስኪያድር አልጠበቀም። ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰባቸው።

«መምህር ዓይነ ስውር ነበሩ፤ የጻፈላቸው ሌላ ሰው ነው። ቀለሙ ስላልደረቀ ጸሐፊው ዛሬ ጠዋት እዚህ ነበር። ሁለታችሁ ገበያ ነበራችሁ። የአንቱሳ ሊጥ ውስጥ ደግሞ ቀለም አለ። ሊዮንዮስ፣ ገጹን አንብብ።»

«ዓሣ አጥማጆች ለተቀደደ መረብ የሚሉት... ጋጋሪዎች ለነገ የሚያስቀሩት ሊጥ ስም...» ፊቱን አጨፈገገ። «ይሄማ የመንደር ወሬ ነው! እዚህ የሚገባው የጥንት ባለቅኔዎች ቃል ብቻ ነው።»

«መምህርም እንዳንተው ነው ያሉት» አለ ፊላሬቶስ። «አንቱሳ ሲያነቡላቸው ሰሙና ሊያስፍቁት ድንጋይ አነሡ። ደረጃው አፍ ላይ ተናነቁ።»

«ሊጥ ጠቆረ ብለህ ሰው ትወነጅላለህ?» አለች አንቱሳ።

እውነቷን ነው። ካላመነች ዳኛው አይፈርድባትም።

ሊዮንዮስ ቢላዋ አነሣ። «ለማንኛውም የመምህሬን ፈቃድ ልፈጽም። ልፋቀው።»

«እንዳትነካው!» ድምጿ ተሰነጠቀ። ወደ ፊላሬቶስ ዞረች። «ዳኛ ፊት የሚቀርብ ማስረጃ ይፋቃል?»

«አይፋቅም። ዳኛው ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል።»

«እንግዲያው ጻፍ፤ እኔ ነኝ የገፋሁት። ሠላሳ ዓመት እሱ ያለውን ጻፍኩ። የእናታችን ንግግር አንዲት ገጽ ይኑረው ብዬ ብለምነው 'ቆሻሻ' አለኝ።»

ፊላሬቶስ ወደ ገጹ አመለከተ። «ሣጥን ውስጥ እኮ ማንም አያነበውም፣ እሜቴ።»

«ይሁን። አይፋቅም አይደል?»

አንገቱን በአዎንታ ነቀነቀላት። ገጹን ራሷ አንሥታ ሰጠችውና ከፊቱ ቀድማ ወጣች።