የዋሂሏን ንስር ማን አነሳት?

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነበርኩ፣ ጂን አየሁ የሚለኝን ሁሉ «ዛሬ ጫቱን አብዝተሃል» እያልኩ የማሾፍ፣ ደግሞስ ፎቶ አንሺ ምን ያምናል፣ ብርሃን ከገባ ምስል አለ፣ ካልገባ የለም፣ በቃ።

ጊዜው የጃንሆይ ነው፣ ጣሊያን ከወጣ ቆይቷል፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ አንድ ጥላ ያለው መንገድ ዳር ጠባብ ፎቶ ቤት ነበረችኝ። ሙሽራው፣ የባቡር ሠራተኛው ከነቤተሰቡ፣ እኔ ፊት ያልተቀመጠ ማን አለ። ሀዋ የምትባል ልጅም የመጣችው ለጉርድ ፎቶ ነው፣ ሦስት ጊዜ አስቀምጬ አነሳኋት፣ ሁለቴውን ካሜራው ውስጥ ፊልም አልነበረም፣ እንድትቆይልኝ ብዬ ነው፣ ይሄን እሷም ታውቃለች።

አባቷ ሐጂ ሮብሌ ከድሬ ወጣ ብሎ ዋሂል ላይ ግመል የሚነግዱ ሶማሌ ናቸው። ሽማግሌዎች ይዤ ስሄድ ሥራዬን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፣ ሳቁብኝ። «ዋሪያ፣ ቁጭ ያለ ሰው ማንሳትም ሥራ ነው? ልጄን አንድ ባለ መኪናም ጠይቆኛል። የዛሬ ሦስት ሳምንት ዓርብ ለሁለታችሁም መልስ እሰጣለሁ፣ አንተ ግን ከውሃ ጉድጓዴ በላይ የምትዞረውን ንስር፣ ስትበር፣ ላባዋ እየታየ አንስተህ አምጣልኝ» አሉ። ሰውየው ንስር ሲያዩ ግመላቸውንም ይረሳሉ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ቀና ብለው ሲያዩዋት ነው የኖሩት።

ድሬ ተመልሼ ሥጋ ቤቶቹ ጋ በሚያንዣብቡት ጭልፊቶች መለማመድ ያዝኩ። መጀመሪያ የወጣው ሁሉ ጭጋግ ነው፣ ጭልፊት ይሁን ነፋስ የወሰደው ጨርቅ አይለይም። ቀስ በቀስ ግን ገባኝ፣ ወፏን በክንድ መከተል አይሆንም፣ እግርን ከፈት አድርጎ፣ ክርንን ከጎን አጣብቆ ከወገብ መዞር ነው፣ ከሩቅ ጀምሮ መከተል፣ ከተጫኑም በኋላ መዞሩን አለማቆም። የሌንሱን ርቀትም እሷ ከመጣች በኋላ ላስተካክል ቢሉ አለፈች፣ አስቀድሞ አንድ ግራር ላይ አስተካክሎ እዚያ እስክትደርስ መጠበቅ ነው። ሥጋ ሻጮቹ «አቦ ይሄ ሰውዬ ለየለት» ይሉኝ ነበር፣ እኔ ግን፣ እመኑኝ፣ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሠራሁት ሥራ የለም።

ዓርብ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው የጭነት መኪና ላይ ተንጠላጥዬ ዋሂል ወረድኩ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋን ከጀርባዬ አድርጌ ጉድጓዱ ጋ ቆምኩ፣ ከጥቂት ፍየሎች በቀር ማንም የለም። ፊልሜ አሥራ ሁለት ታነሳለች። የዚያን ጊዜ ካሜራዬ ደግሞ በሌንሱ በኩል አይታይባትም፣ የሚታየው ከጎኗ ባለች ትንሽ መስኮት ነው። ንስሯ መጣች፣ እንዴት ያለች ወፍ መሰለቻችሁ፣ ከወገቤ እየዞርኩ ተከተልኳት፣ አሥራ አንድ ጊዜ ተጫንኩ፣ እያንዳንዷን እጄ አውቋታል፣ ሀዋን አገባሁ አልኩ።

አሥራ ሁለተኛዋን አዙሬ ስጠብቅ ፍየሎቹ ማመስኳታቸውን ተዉ፣ ሁሉም አንድ ላይ። ከዚያ ልክ ከአናቴ በላይ የክንፍ ድምፅ ሰማሁ፣ ፍው፣ ፍው፣ ቀና ስል ምንም የለም፣ ንስሯ እዚያ ማዶ ኮረብታው ላይ ናት፣ ነጥብ አክላ። ጥላ ግን ፊቴ ላይ አለፈ፣ በዚያ የዋሂል ፀሐይ በረደኝ። ወዲያው ካሜራዋ ቀጭ አለች። ጣቴ አልነካትም፣ ወላሂ አልነካትም። ደንግጬ ከዓይኔ ላይ ሳወርዳት የሌንሱ ክዳን እንዳለ ነው።

ገባችሁ? አሥራ አንዱንም ከነክዳኑ ነው ያነሳሁት። እግር አቋቋም ስማር ከርሜ ክዳን መክፈት ረሳሁ። ሌላ ፊልም አልያዝኩም፣ ፀሐይዋም እየወረደች ነው፣ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ይሄን ስናገር አላፍርም።

ድሬ ስገባ ያንን ፊልም ለምን እንዳጠብኩት አትጠይቁኝ፣ ያቺ ቀጭታ አላስቀምጥ ብላኝ ነው። አሥራ አንዱ ባዶ፣ እንደ መስታወት የጠራ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ንስሯ አለች፣ ላባዋ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ወረቀት ላይ ሳወጣት ደግሞ የሚታየው ሆዷ አይደለም፣ ጀርባዋ ነው፣ ካሜራው ከእሷ በላይ የነበረ ይመስል። ከሥሯ፣ በጣም ሩቅ፣ ጉድጓዱ አለ፣ ፍየሎቹ አሉ፣ አጠገባቸው ካሜራ ዓይኑ ላይ የደገነ ጥፍር የሚያክል ሰው ቆሟል። ኮፍያው የኔ ነው።

በማግስቱ ሐጂ ሮብሌ ወረቀቷን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ብዙ ቆዩ። «ይሄን ሁሉ ዘመን ሆዷን ነው ያየሁት» አሉ ቀስ ብለው፣ «ጀርባዋ እንዲህ ኖሯል?» ከዚያ ትክ ብለው አዩኝና «ዩሱፍ፣ አንተ ነህ ያነሳኸው?» አሉኝ። አይደለሁም ብል ሀዋ የባለ መኪናው ልትሆን ነው። አዎ አልኩ። እጃቸውን ዘረጉልኝ፣ ጉዳዩ አለቀ።

አልሐምዱሊላህ፣ ደስ ብሎን እንኖራለን፣ ልጆችም አሉን፣ ጭልፊት ማንሳቱንም አልተውኩም፣ አሁን ጥርት አድርጌ አነሳቸዋለሁ፣ ሁሉንም ከሆዳቸው በኩል። ለሀዋ በሠርጋችን ሳምንት እውነቱን ነግሬያታለሁ፣ ሳቀች፣ የንስሯን ፎቶ ግን ግድግዳ ላይ እንድሰቅላት አልፈቀደችም፣ ልብሷ መሀል ነው የምታስቀምጣት። አልፎ አልፎ ልብስ ስታጣጥፍ አውጥታ ታያታለች፣ እኔም እንዳላየ እሆናለሁ። ባለፈው ግን ቀና ብላ፣ ፈገግ ብላ ነው፣ ቀልዷን ነው መቼም፣ «ዩሱፍ» አለችኝ፣ «ይቺን ያነሳኸው አንተ ካልሆንክ፣ አባቴ የዳረኝ ለማን ነው?»

እኔም ልስቅ አሰብኩና አልመጣልኝም።