የፖምፍሬት አሥራ ስምንተኛ ድምፅ

የምክር ቤት አባሉ ጄራልድ ፖምፍሬት አምቡላንስ ውስጥ ሞቶ የተገኘው፣ የድምፅ መስጫው ደወል ካበቃ ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው። አምቡላንሱ እዚያው ምክር ቤቱ ግቢ ቆሟል። ደንቡ ነዋ! መራመድ ያቃተው አባል ግቢው ውስጥ በሕይወት ይገኝ እንጂ፣ የሁለቱ ፓርቲዎች ድምፅ ሰብሳቢዎች አይተው «አለ» ካሉለት፣ እሱ ራሱ ሌላ ካላለ በቀር ድምፁ ከፓርቲው ጋር ይቆጠርለታል። ቆሞ መሄድ ያቃተው ሰው ከሆስፒታል አልጋ ተነስቶ የመጣው ደግሞ የሕሙማንና የአካል ጉዳተኞች ድጎማ እንዲቆረጥ ድምፅ ሊሰጥ ነው። ጉድ እኮ ነው! ሕጉ በአንድ ድምፅ ብልጫ አለፈ።

የኦክስጅኑ ሲሊንደር ተዘግቷል። ሁሉም ያፈጠጠው አብራው በመጣችው ነርስ፣ በዶሪን ፒል ላይ ነው። ኢንስፔክተር ሞሪን ታክሬ ግን ሰው ሁሉ ያፈጠጠበት ጥፋተኛ ነው ብላ ቶሎ አታምንም።

«ሲስተር፣ ልጅሽ ዊልቸር ላይ ነው አሉ።»

«ክሬግ። በዚህ ሕግ ድጎማው ይቆምበታል። ሰውየው እስከ ዛሬ አሥራ ሰባት ጊዜ በድምፃቸው ፈርደውብናል፤ አንድ በአንድ አውቀዋለሁ። ግን አልገደልኳቸውም! ደወሉ ሲጀምር ሻይ ላመጣ ወጣሁ፣ በቃ።»

«ስለ ክሬግ ነግረሻቸዋል?»

«መንገድ ላይ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ከዚያ ብዕር ስጪኝ አሉ።»

ታክሬ የፖምፍሬትን ፓርቲ ድምፅ ሰብሳቢ፣ ሩፐርት ሃስላምን አስጠራች። ሰውየው ሰዓቱን ያያል።

«አምቡላንሱ ውስጥ ገብተው ነበር?»

«እግሬም አልረገጠው። በኋላው መስኮት አየኋቸው፤ እጃቸውን አወዛወዙልኝ።»

«እርስዎስ?» አለች ወደ ተቃዋሚዎቹ ሰብሳቢ፣ ወደ ወይዘሮ ጋርሳይድ ዞራ።

«ሃስላም ‹ተኝተዋል፣ አትቀስቅሻቸው› አለኝ። እኔም ‹አለ› አልኩ። እዚህ ቤት የሰብሳቢ ቃል አይመረመርም።»

ታክሬ ሦስቱንም አምቡላንሱ ኋላ ሰብስባ በሩን ዘጋችው።

«አቶ ሃስላም፣ እስቲ በዚህ መስኮት አልጋውን ያሳዩን።»

መስታወቱ ወተት የመሰለ ነው፤ ጥላ እንኳ አያሳይም። 

«ከውጭ የሚታይ የለም፤ ስለዚህ ገብተዋል። ባይገቡማ ለምን ይዋሹ ነበር?» ታክሬ ከኪሷ ወረቀት አወጣች። «ትራሳቸው ሥር ነው ያገኘሁት። በእጃቸው ጽሑፍ ‹ዛሬ እቃወማለሁ› ይላል። ይህንኑ ለእርስዎ በአፋቸው ነገሩዎት። ወይዘሮ ጋርሳይድ ቢመጡ ይሰማሉ፤ ሕጉም ይወድቃል። ሲሊንደሩን ዘጉትና ‹ተኝተዋል› አሉ።»

«ለጥቂት ደቂቃ ዝም እንዲሉ ብዬ ነው እኮ!» ሃስላም ጮኸ። «ይሞታሉ ብዬ መች አሰብኩ!»

ፖሊሶች በካቴና አስረው ወሰዱት። ዶሪን የቀዘቀዘውን ሻይ እንደያዘች ቀረች።

«ታዲያ ድምፁ ይሻራላ?»

ጋርሳይድ አቀረቀረች። «ውጤቱ ታውጇል። የታወጀ አይሻርም። መዝገቡ ላይ ፖምፍሬት ‹ደገፈ› ነው የሚለው።»

«አሥራ ስምንት» አለች ዶሪን። «ወረቀቷን ስጡኝ፣ ለክሬግ ላሳየው።»

ታክሬ አፈረች። ገዳይ ይዛ እንዲህ አፍራ አታውቅም። «ማስረጃ ነው፣ ሲስተር። አልችልም።»

«እሺ፣ ብዕሬስ?»

«እሱም ማስረጃ ነው።»