የዶሮዋ ገጽ

የአባቷ ከባድ መኪና ክላክስ ከአስፋልቱ ዳር ሲጮህ ሙስሊማ የስድስት ዓመት ወንድሟን ጣት ይዛ መጽሐፉ ላይ አስቀመጠች።

«በል ቶሎ! አንዴ ድገመው።»

አማን ጉሮሮውን ጠረገ። «ዶሮዋ ከቤት ወጣች። ጥሬ ለቀመች። ውሃ ጠጣች።» አንዲት ቃል አልሳተም። ዓይኑ ግን መጽሐፉ ላይ ሳይሆን በሩ ላይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታቸው ኢስማኢል ጭነት ሊያመጣ ከአዋሽ ወደ ጅቡቲ ሲነሳ ቁርጡን ተናግሯል፤ እስኪመለስ አማን ማንበብ ካልቻለ፣ ደሴ አክስቱ ዘንድ ሄዶ ይማራል። ሙስሊማ ደግሞ ከተወለደ ጀምሮ አዝላ ያሳደገችውን ልጅ ለማንም አትሰጥም። «እኔ አስተምረዋለሁ፣ ወላሂ!» ብላ ማለች። ከዚያ የስምንተኛ ክፍል ፈተና መጣ፣ ሙቀቱ ባሰ፣ ስልክም አለ፤ ሰበብ መች ይጠፋል! ፊደሉ አልገባ ሲለው ትዕግሥቷ አለቀና አንዱን ገጽ በቃሉ አስያዘችው። አማን ቁርአን ቤት ሰምቶ መያዝ ለምዷል፤ ወዲያው ያዘው። ማንበብ ማለትም ይኸው መሰለው። ምስኪን፣ ማን ይንገረው?

ኢስማኢል ገብቶ ሳይታጠብ እንኳ «እስቲ የኔ ጀግና፣ አንብብልኝ» አለ። አማን አንበለበለው።

«ማሻአላህ!» አባትየው ልጁን ወደ ላይ አነሳው። «በቃ፣ ደሴ ቀረ። ሙስሚ፣ አኮራሽኝ!»

«እ... እሺ አባዬ» አለች ሙስሊማ። ደስ እንዲላት ፈልጋ ነበር፤ ደስታው ግን እምቢ አላት።

አባታቸው ፎጣ ይዞ ወደ ግቢው ቧንቧ ወጣ። አማን የመጣለትን ብስኩት አቅፎ ተቀመጠና ጣቱን በማሸጊያው ጽሑፍ ላይ እያስኬደ ጮክ ብሎ ጀመረ።

«ዶሮዋ ከቤት ወጣች። ጥሬ ለቀመች...» ቀና ሲል ፊቱ በርቷል። «ልክ ነኝ አይደል? አሁን ሁሉንም እችላለሁ! ነገ ለጓደኛዬ የሱቁን ታፔላ አነብለታለሁ!»

ሙስሊማ ማሸጊያውን ተመለከተች። «አዎ» ብትለው ማንም አያውቅባትም። አንደኛ ክፍል ሲገባ ግን ልጆቹ መሳቂያ ያደርጉታል፤ እሱም «እህቴ ናት ያስተማረችኝ» እያለ ይከራከርላታል።

«ልክ አይደለህም» አለችው።

«ምኑን ነው የሳትኩት?»

«አንተ ምንም አልሳትክም። እኔ ነኝ።»

መጽሐፉን አነሳች፤ የወንድሟን እጅ ያዘች። ደሴ ሊሄድብኝ ነው እያለች ወደ ግቢው ወጣች። ኢስማኢል ፊቱን በፎጣ እያደረቀ ነበር።

«አባዬ» አለችው መጽሐፉን እየሰጠችው፣ «ሌላ ገጽ አስነብበው።»