አምስት የሥራ ቀናት

«ሦስት መቶ ብቻ» አለ አጎት ሳኬያሲ፣ ዓይኑን ከምንጣፉ ሳይነቅል። «ለጀልባዬ ሞተር ነው። ሞተሩ ከተነሳ ሌላውን እኔ እወጣዋለሁ።»

ኡናይሲ ግድግዳውን ተደግፋ እንደተቀመጠች ደርቃ ቀረች። ቤቱ ጠባብ ነው፣ አጎቷ ደግሞ ሰፊ ነው። በሩ አጠገብ ሲቀመጥ ማለፊያ አይኖርም። ጥግ ላይ እናቷ ሎሳሊኒ ካሳቫ ስትልጥ ነበር፤ አሁን ቢላዋው ቆሟል።

ዘመድ ኬሬኬሬ ብሎ ከጠየቀ እንቢ አይባልም። ያለህን ትሰጣለህ፣ ነገ ደግሞ በተራህ አንተ ሄደህ ኬሬኬሬ ትላለህ። ኡናይሲ አሥራ አምስት ዓመቷን ሙሉ የኖረችው በዚህ ነው። የእናት ወንድም ከእህቱ ልጅ ሲጠይቅ ግን አይታም ሰምታም አታውቅም። ወጉ የተገላቢጦሽ ነው፤ ከአጎቷ ቤት የፈለገችውን አንስታ የምትሄደው የእህት ልጅ ናት። ኡናይሲም በዚህ መብቷ አልቀለደችም። የጎማ ጫማውን ወስዳለች፣ ሬዲዮውን ወስዳለች፣ አንዴማ ቀዩን አውራ ዶሮ በክንፉ አንጠልጥላ ሄዳለች። እሱም «ውሰጂ እመቤቴ» ከማለት በቀር አንዲት ቃል ወጥታው አታውቅም። እንዲህ ያለ ሰው አንገቱን ደፍቶ እሷን ከለመነ ቸግሮታል ማለት ነው።

ገንዘቡ ደግሞ አላት። ስድስት መቶ አርባ ስምንት ዶላር። አሥራ አራት ወር ሙሉ፣ በየቅዳሜው ከእናቷ ጋር ሬዋ ወንዝ ውስጥ እየጠለቀች ካይ ለቅማለች፤ ጭቃ ውስጥ የሚኖረውንና የሚበላውን ያንን ባለ ዛጎል ፍጥረት። የራሷን ድርሻ ለብቻ ደርድራ ናውሶሪ ገበያ ትሸጣለች። በጥር ዋና ከተማው ሱቫ ለሚገኘው የኤሌክትሪክ ሙያ ትምህርት ቤት መመዝገቢያ ሰባት መቶ ያስፈልጋታል። የቀራት ሃምሳ ሁለት ነው። ሦስት መቶው ከወጣ ግን ዓመቱም አብሮ ሄደ።

«ተቆልፏል፣ አጎቴ» አለች። «ቦንድ ላይ ነው ያለው። እስከ ጥር አይከፈትም።»

አጎቷ ቀና አለ። «አይከፈትም? አንቺ ራስሽ ብትፈልጊስ?»

«እኔ ራሴም ብፈልግ።»

«እንዲህም አለ እንዴ!» አለ። ቅር ያለው አይመስልም፤ እንዲያውም የሆነ ነገር እያሰላሰለ ነበር። ከዚያ ያመጣውን ዓሣ ለእህቱ ትቶ፣ ጫማውን በር ላይ አጥልቆ ሄደ።

ሎሳሊኒ እንደገና መላጥ ጀመረች። ሁለት ካሳቫ ጨርሳ ሦስተኛውን አነሳች።

«እማ…»

«እኔን አታስገቢኝ» አለቻት እናቷ። «ዕድሜሽ አልደረሰም ብለው እኔን ነው ያስፈረሙኝ። አንብቤ ነው የፈረምኩት። በምትፈልጊው ጊዜ ማውጣት እንደምትችዪ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ወንድሜ ፊት ልጄን ውሸታም ልበላት?» ሎሳሊኒ የላጠችውን ካሳቫ ድስት ውስጥ ወረወረችው። «ልስጠው ብዬ ብፈርም አንቺን ጎዳሁ። አልፈርምም ብል እሱን። አስረሽኛል እኮ፣ ልጄ።»

በማግስቱ ኡናይሲ የሆነውን ሁሉ ለሮሽኒ ነገረቻት። ሮሽኒ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ከጎኗ የማትለይ ጓደኛዋ ናት። ቁጥር ትወዳለች፤ ሰው መተረብ ደግሞ የበለጠ ትወዳለች።

«እስከ ጥር አይከፈትም አልሽው?» ሮሽኒ የያዘችውን ሮቲ ቂጣ ልትጥለው ምንም አልቀራት። «የአጭር ጊዜ ቦንድ ፈንድ እኮ ነው፣ አንቺ! መምህሩ ሲያስረዳ የት ነበርሽ? ያንቺንም የሌላውንም ይሰበስቡና ለመንግሥትና ለትልልቅ ድርጅቶች ያበድራሉ። ለጥቂት ወር፣ ቢበዛ ለሁለት ሦስት ዓመት። ቶሎ ስለሚመለስ ብዙም አይወርድ፣ ብዙም አይወጣ። ሲያሻሽ ትጠይቂያለሽ፣ በአምስት የሥራ ቀን እጅሽ ይገባል። ባለፈው ወር ሦስት ዶላር ወረደ ብለሽ ያለቀስሽውን ረሳሽው? ያኔ ‹አሁኑኑ አወጣዋለሁ› ስትዪ አልነበር?»

«አልረሳሁም።»

«ታዲያ?»

«ባንክ ባስቀምጠው ካርድ ይሰጡኛል። ካርድ እንዳለኝ ደግሞ ሰው ሁሉ ያያል። ቦንድ ሲሉት ግን ከባድ ነገር ይመስላል፤ ማንም ምን እንደሆነ አያውቅም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለዚያ ነው የመረጥኩት።»

«አሪፍ ነበር» አለች ሮሽኒ ሮቲዋን ገምጣ። «እስኪነቃብሽ ድረስ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የኡናይሲ ገንዘብ ተቆልፏል የሚለው ወሬ በሦስት ቀን ውስጥ ሰፈሩን አዳረሰ። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች «እንዴት ያለች አስተዋይ ልጅ!» እያሉ ጉንጯን ቆነጠጧት። የአክስቷ ልጆች «ቆላፊዋ» የሚል ስም አወጡላት፤ ስታልፍ በአየር ላይ ቁልፍ እያዞሩ ይስቁባታል። አንዷ ጎረቤት ደግሞ በጥር ስንተኛው ቀን ላይ እንደሚከፈት ጠየቀቻት፣ እንዲሁ ለማወቅ ያህል። ኡናይሲ ለሁሉም ፈገግ አለች። ለስላሳ ለመግዛት እንኳ ፈራች፤ ከየት አመጣችው እንዳይሏት። ውሸቱ ገንዘቡን ከሰው ይጠብቅልኛል ብላ ነበር፣ የታሰረችው ግን እሷ ሆነች። መግቢያ መውጫ አጣች።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ አውቶቡሱ የወንዙ ድልድይ ላይ ቆመ። በመስኮት ቁልቁል ስትመለከት አጎቷን አየችው። ሞተሩ ጀልባው ኋላ ላይ ተሰቅሎ ዝም ብሏል፤ እሱ ሽቅብ እየቀዘፈ ነው። ወንዙ ሞልቷል፤ ሦስት ጊዜ ሲቀዝፍ የአንድ ጊዜውን ያህል ነበር ወደፊት የሚሄደው። ሰዓቱ ዘጠኝ አልፏል፤ በዚህ ሰዓት የደረሰ ዓሣ በግማሽ ዋጋ ነው የሚሸጠው። ኡናይሲ ቀና ብሎ እንዳያያት ብላ ቦርሳዋን ፊቷ ላይ ከለለች። ጠላችው። ከዚያ የጠላችው እሱን እንዳልሆነ ገባት።

ወንዙ ስለሞላ ቅዳሜ ካይ አልለቀሙም፤ እኩለ ቀን ላይ፣ እናቷ ለአስቤዛ ገበያ ሳለች፣ አጎት ሳኬያሲ መጣ። ጫማውን አውልቆ ገባና በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው። በዚያ ሰፈር በቀን በሩን የሚዘጋ ሰው የለም። ከሸሚዙ ስር የተጠቀለለ ፌስታል አውጥቶ ምንጣፉ ላይ አኖረው።

«መቶ ሃያ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አሳማዋን ሸጥኳት። ማንም አላየኝም። ቆልፊልኝ።»

«ምን?»

«እንዳንቺ። እዚያ ቦንድ ላይ።» አጎቷ ጎንበስ ብሎ ቀረባት። «ስሚኝ እመቤቴ። ለዚህ ሞተር ስሰበስብ ይኸው አራተኛ ጊዜዬ ነው። ባለፈው መቶ ሰማንያ ደርሼ ነበር፤ የጎረቤቴ ልጅ ታመመች ብለው መጡ። ከዚያ በፊት ሰርግ። ከዚያ በፊት ቀብር። ሰው መጥቶ ሲጠይቀኝ አፌ እንቢ ማለት አልለመደም። ‹ተቆልፏል› ማለት ግን እችላለሁ። እውነት ስለሆነ አያሳፍረኝም።»

ኡናይሲ ፌስታሉን አየችው። መቀበል ቀላል ነበር። እናቷ ገበያ ናት፤ ቅጹን ሞልቶ ሰኞ ማስገባት ነው። እሱም ይደሰታል፣ እሷም አስተዋይ እንደተባለች ትቀራለች። ግን ነገ ዘመድ ሲመጣ በእሷ ውሸት ይምላል። ሞተሩ ወንዙ መሃል ጨርሶ ቢሞትና ገንዘቡን ቢፈልግ ደግሞ፣ «አይከፈትም» ብላ የራሱን ገንዘብ ልትከለክለው ነው። ብትነግረውስ? ብትነግረው የእሷ ስድስት መቶ አርባ ስምንት እዚህ ምንጣፍ ላይ፣ ከእሱ መቶ ሃያ አጠገብ ተቀመጠ ማለት ነው። ከዚያ ማንም መጥቶ ገንዘቡን ሊጠይቃት ይችላል።

ተነስታ ከደብተሮቿ መሃል የፈንዱን ወረቀት አመጣች። ዘርግታ፣ ጣቷን ከአንድ መስመር ስር አድርጋ አነበበችለት።

«‹ገንዘቡን ማውጣት የሚፈልግ ሰው በጠየቀ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ይከፈለዋል።›»

አጎቷ ወረቀቱን አየው፤ ከዚያ ጣቷን። «ይሄ የኔ ነው የሚሆነው? ያንቺ ሌላ ነው?»

«አንድ ነው።»

«ታዲያ ያንቺን ማን ቆለፈው?»

«እኔ» አለች ኡናይሲ። እንባዋ መጣ፣ ግን አላቆማትም። «ማንም አልቆለፈውም አጎቴ። ዋሸሁህ። ሦስት መቶውን ያን ዕለት መስጠት እችል ነበር።»

ይቆጣል ብላ ጠበቀች፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። አጎት ሳኬያሲ ግን ፌስታሉን አንስቶ ቀስ ብሎ ጠቀለለው፣ መልሶ ሸሚዙ ስር ከተተው።

«ፈርተሽ ነው» አለ። «ይገባኛል። ይኸው እኔም እኮ በር ዘግቼ ነው የመጣሁት።» ጉልበቱን ይዞ ተነሳ። በሩን ከፈተ፣ ከደጃፉ ቆሞ አንድ እግሩን ጫማው ውስጥ አስገባ። ጀርባው ወደ እሷ ነበር።

ሊሄድ ነው። ዳግመኛ አይጠይቃትም፣ ለማንም አይናገርባትም፣ ሲያገኛትም እንደ ድሮው «እመቤቴ» ይላታል። ጥርም ይደርሳል። ኡናይሲን ከሁሉም ይሄ ከበዳት።

«አጎቴ» አለችው። «እንደገና ጠይቀኝ።»

ዞር አለ። «ምኑን?»

«ያን ዕለት የጠየቅከኝን። እሺ ልበልህ እንቢ ልበልህ ገና አላውቅም፤ የትምህርት ቤቴ ገንዘብ ነው፤ እሱንም እነግርሃለሁ። ግን ተቆልፏል አልልህም።»

አጎት ሳኬያሲ ጫማውን መልሶ አወለቀና ገብቶ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። በሩን አልዘጋውም።