ላይና ታቹን ራሱ የመረጠው ሥዕል

መናፍስት ምናምን የሚባል ነገር አላምንም፣ የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው፣ ቤት ውስጥ ኮሽ ሲል መጀመሪያ የማስበው አይጥ ነው፤ ይህን ይዛችሁ ስሙኝ።

መቐለ፣ ዓዲ ሓቂ ሰፈር በተከራየሁት ክፍል ሦስት ወር ሙሉ አንድ ረቂቅ ሥዕል ስሠራ ነበር፤ ከታች ከባድ ሰማያዊ፣ ከላይ እንደ መቐለ ድንጋይ ያለ ቢጫ፣ መሃል አንዲት ቀይ ክብ፣ በቃ። ቅዳሜ ማታ በመጀመሪያው ኤግዚቢሽኔ ሰው ፊት ቆሜ ላስረዳ ነው፣ እኔ ደግሞ ባጃጅ ላይ «አውርደኝ» ማለት አፍሬ ሰፈሬን የማልፍ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ሰማያዊው ለምን ከታች እንደሆነ ሦስት ገጽ ጽፌ ሸመደድኩ።

አከራዬ አደይ ለተብርሃን ሥዕሉን ባዩ ቁጥር አንገታቸውን ያጣምማሉ።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ተገልብጧል እኮ።»

«አደይ፣ ላይና ታች የለውም፣ ቀለምና ቅርጽ ብቻ ነው።»

«ዋእ! ታዲያ ስለ ታቹ ሦስት ገጽ የምትለፈልፊው ምንድን ነው?»

ሐሙስ ከገበያ ስመለስ ሥዕሉ ተዘቅዝቆ ጠበቀኝ። አደይን ጠረጠርኩ፣ ግን ትልቅ ሰው እንዴት ይጠየቃል፣ ሰማያዊውን ወደ ታች መለስኩት። ዓርብም እንደዚያው። ነገሩን ልቋጨው ብዬ ታች ቀኝ ማዕዘኑ ላይ በቀይ ፈረምኩ፣ ቅዳሜ በሩን ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ።

ቀትር ላይ ግቢው ውስጥ ከአደይ ጋር ባቄላ ስንፈለፍል፣ እመኑኝ፣ ከክፍሌ ክርርር የሚል ድምፅ መጣ፣ እንጨት ግድግዳ ሲፍቅ እንደሚሰማው፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ጠቅ። አደይ ቀና ሳይሉ «ይኸው ተስተካከለ» አሉ። ሮጬ ከፈትኩ። ሰማያዊው ላይ ወጥቷል። ፊርማዬ ግን አሁንም ታች ቀኝ ነው፣ ቀጥ ብሎ።

ጊዜ አልነበረኝም፣ እንዳለ ተሸክሜው ወደ ኤግዚቢሽኑ ሄድኩ። አንድ ባለ መነጽር ሰውዬ «ሰማያዊውን ለምን ላይ አደረግሽው?» ሲሉኝ ሦስቱም ገጽ ከጭንቅላቴ ጠፋ።

«እኔ አይደለሁም» አልኩ፣ «ራሱ ነው የወጣው።»

አዳራሹ አጨበጨበ፣ ሰውዬው «ምን ያለ ጥልቅ መልስ!» ብለው ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት፣ እኔ እውነቴን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥዕሉ ጸጥ ብሏል። ትናንት ግን አዲስ ሸራ ወጠርኩ፣ ቀለም እንኳ አልከፈትኩም፣ ውኃ ጠጥቼ ስመለስ ታች ቀኝ ማዕዘኑ ላይ በቀይ ፊርማዬ አለ። በጣቴ ነካሁት፣ አልደረቀም። አደይን ጠራኋቸው፣ መጥተው አዩት፣ አንገታቸውን አላጣመሙም።

«ይሄኛው ልክ ነው ጓለይ» አሉ፣ «ምንም እንዳትነኪው።»